ያጠብሁት ባለ አንበሳ ብር

ይስማው ሆዴ፣

ከተለያየን ሁለት ክረምት አልፎ ሦስተኛው እየወጣ ነው። በሰው ፊት አንቱ እልህ ነበር፤ ብቻችንን ስንሆን ደግሞ ስም ሳልጠራ ነበር የማናግርህ። ዛሬ አንተ ልበልህ፤ አንተ ካለህበት ሆኖ የሚታዘበኝ ጎረቤት የለም። በረንዳው ላይ፣ ብር ትመረምርባት በነበረችው ዱካህ ላይ ተቀምጫለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ቆይቶ አሁን ገና አባራ። "ለዓይን እዚህ ይሻላል" ትል ነበር። እውነትህን ነው፤ ለፊደልም ይሻላል።

አዎ፣ ፊደል ቆጥሬያለሁ። ልጃችን ስመኝ ለትምህርት ዳንግላ ስትገባ የልጅነት ገበታዋን ግድግዳው ላይ ትታልኝ ሄደች። ገበያ በማልወጣበት ቀን ጣቴን እያስኬድሁ ጀመርሁት። ሰው ለመጠየቅ አፈርሁ። ገበታው ሲሰለቸኝ ብሮችህን አውጥቼ ላያቸው ላይ ያለውን ፊደል ከገበታው ጋር አስተያይ ነበር። መጀመሪያ አጣምሬ ያነበብሁት ቃል "ብር" የሚለው ነው፤ ከአንበሳው እግር ሥር ያለው። ሁለት ፊደል ብቻ ስለሆነ ነው። ያን ያህል ዘመን በእጄ ስፈትገው የኖርሁት ነገር ስሙን ላዩ ላይ ይዞት ኖሯል።

ቤቱ ደኅና ነው። በወንዙ በኩል ያለው የቀርከሃ አጥር ባለፈው ክረምት ወድቆ አዲስ አሳጠርሁ፤ ቀርከሃው ገና አረንጓዴ ስለሆነ ቤቱን የሌላ ሰው ቤት አስመስሎታል። ዳማ ፈረስህን ሸጥሁት። አትቆጣ፤ የሚጋልበው የለም፣ እኔን ደግሞ ባየኝ ቁጥር ከኋላዬ አንተን ይፈልጋል። የግምጃ ቤት ከተማ ሰው ነው የገዛው። ሲወስደው በአገውኛ እያባበለው ስለነበር ደስ አለኝ፤ የለመደው ቋንቋ ነው።

ገበያው ላይ ጠገራ፣ ያን ባለ ሴትዮውን ብር፣ የሚቀበል ጠፍቷል። ባለፈው ሰሞን አንዲት አሮጊት ከመቀነቷ አንድ ጠገራ ፈትታ ጨው ልትገዛ ብትሰጠው፣ ጨው ሻጩ "እማማ፣ ይህቺን ሴትዮ አንገትዎ ላይ ያንጠልጥሏት፤ ከኔ ጨው ጋር አትተዋወቅም" ብሎ ሰዉን አሳቀባት። አሮጊቷ ብሩን መልሳ መቀነቷ ላይ ቋጠረችው። አንተ ብትኖር ተቀብለህ በጥፍርህ መትተህ ጆሮህን ታስጠጋ ነበር። እንዲያው ለክብሯ ስትል እንኳ።

እኔ ደክሞኛል፣ ይስማው። በሽታ አይደለም፤ ጉልበቴም እንደ ዕድሜዬ ነው። የደከመኝ አንድ ነገር ተሸክሜ መዋል ነው። እሱን ላወርድ ነው የምጽፍልህ።

ባለ አንበሳውን ብር ያጠብሁት እኔ ነኝ። እጅጉ አይደለም።

ይኸው። ስምንት ዓመት ከጉሮሮዬ ያልወጣው ነገር በወረቀት ላይ ሲሰፍር አንድ መስመር እንኳ አልሞላም።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ብዙውን ታውቀዋለህ፤ ነገር ግን ይህን ደብዳቤ አንተ ብቻ አይደለህም የምትሰማው፤ ለምን እንደሆነ ከታች እደርስበታለሁ።

ያን ጊዜ ሥራህ ጠገራ መለየት ነበር። እዚህ ቆሰበርም፣ ግምጃ ቤትም፣ ዳንግላም ገበያ ጠፍጣፋዋን ድንጋይ ከፊትህ አድርገህ ትቀመጣለህ። በሬ የሸጠም የገዛም አንተ ዘንድ ይመጣል። ብሩን ድንጋዩ ላይ ጥለህ ድምፁን ታዳምጣለህ። ቀጥለህ ብሩ ላይ የተቀረጸችውን ሴትዮ የራስ ጌጥ፣ ትከሻዋ ላይ ያለውንም ባለ ነጠብጣብ መርፌ ታያለህ፤ ነጠብጣቡ አንድ በአንድ ካልተለየ "ይህቺስ ደክማለች" ብለህ ትመልሳለህ። የተበሳ አይገባም። ለአንገት ጌጥ ቀለበት ተበይዶበት የነበረም አይገባም። ጥቁሩንም ገበያው አይወደውም፤ ከመቃብር የወጣ ነው እያለ ይሸሸዋል። እንዲህ ያለውን ወደ ቤት ታመጣልኛለህ፤ እኔ በአመድና በሎሚ እፈትገዋለሁ፤ በማግሥቱ እንደ ወተት ነጥቶ ይሄዳል። አንድ ቀን በሰው ፊት እየሳቅህ "የይታይሽ እጅ የነካው ብር አይመለስም" አልህ። ሌላ ምስጋና ካፍህ መስማቴን አላስታውስም። ያቺኑ ይዤ ስንት ዓመት ፈተግሁ።

የወረቀቱ ብር እየበዛ ሲመጣ ድንጋይህ ሥራ ፈታች። ሳንቲሙን ለማወቅ ያንተን ዓይን የሚፈልግ አልነበረም። ቁጥሩ ተጽፎበታል፤ ሕፃንም ያውቀዋል። ገበያ መውጣቱን ግን አልተውህም፤ ባዶ ድንጋይ ይዘህ ወጥተህ ባዶ ድንጋይ ይዘህ ትመለሳለህ። ያን ጊዜ ነው ሙሴ ያኒ የመጣው። ኑግና ቆዳ ሊገዛ ከዳንግላ እስከ ጫግኒ የሚመላለስ ግሪካዊ ነጋዴ ነበር። ብር የሚፈልገው ሊገበያይበት ሳይሆን ሊያስቀምጠው ነው ሲባል ሰው "ምን ዓይነት እብደት ነው?" አለ። አንተ ግን የሚመስልህን ሰው አገኘህ። እዚህ በረንዳ ላይ ተቀምጣችሁ አንዲት አላድ፣ የብር ግማሽ፣ እየተቀባበላችሁ ግማሽ ቀን ስታወሩ እኔ ከጋረጃው ኋላ ሥራዬን እሠራ ነበር። ድምፃችሁን እሰማለሁ፤ ነገሩን ግን ልብ ብዬ አላዳመጥሁም። የወንዶች የብር ወሬ ነው ብዬ ተውሁት።

ያን ጊዜ ያልሰማሁትን በዚህ ክረምት ከሰማያዊው ደብተርህ አነበብሁት። ገጹን በመስመር ለሁለት ከፍለህ በአንዱ በኩል "አዲስ"፣ በሌላው "አሮጌ" ብለሃል። የአንድ ሰው እጅ መሆኑን ባላውቅ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች የጻፉት ነው እል ነበር። በአዲሱ በኩል ጨካኝ ነህ። ሽልንጉ፣ ስሙኒው፣ አሥር ሳንቲሙ ከማተሚያው ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ስለሚወጣ ሰበብ የለውም ትላለህ። ከረጢት ውስጥ ከጓደኛው ጋር ተጋጭቶ አንዲት ጭረት ካገኘችው ደረጃው ይወርዳል። አውራ ጣት ካረፈበት ይወርዳል። አንድ ቀን ጨው ተገዝቶበት ከሆነማ ለሙሴ ያኒ አይቀርብም።

በአሮጌው በኩል እጅህ ይለሰልሳል። ጠርዙ ቢላላ ትምረዋለህ፤ ጭረቱንም ትምረዋለህ፤ በሰው እጅ ሲዞር የኖረ ነው ትላለህ። ሙሉ፣ ያገለገለ፣ የደከመ፣ የወደቀ ብለህ በአራት መድበኸዋል። የደከመውን እንኳ ፊቱ ከታወቀና ጽሕፈቱ ከተነበበ አትጥለውም። የአንበሳው ጋማ ባይታይ ቶሎ አትፍረድ ብለሃል፤ ማተሚያው ራሱ አልቆ አንዳንዱ ብር ገና ሲወለድ ጋማ የለውም፤ ጀርባውን አገላብጠህ እይ፤ ጀርባው ደኅና ከሆነ ጋማው በእጅ ያለቀ አይደለም። ስለ ጠገራም ጽፈሃል፤ ሁሉም ላይ ያው አንድ ዓመተ ምሕረት ስለተጻፈበት ትናንት የተመታው የአያቱን ዕድሜ ያወራል፤ ቁጥሩን አትመን፣ ነጠብጣቡን ተመልከት። ይህን ሁሉ ምሕረት ከዘረዘርህ በኋላ ከታች ብቻውን በቀይ ቀለም እንዲህ ይላል፦ "አሮጌ አይታጠብም። ጥቁረቱ ዕድሜው ነው። የታጠበ እንደ ወደቀ ይቆጠራል።"

ይህን ስደርስበት ደብተሩን ዘግቼ ወጣሁ፤ ጓሮ ሄጄ ድንች ስኮተኩት ዋልሁ። ዝናብ ይዘንብብኝ ነበር።

ለጠገራው ያስተማርኸኝ ሌላ፣ ለባለ አንበሳው የጻፍኸው ሌላ ነበር። ሁለተኛውን ሳትነግረኝ ቀረህ። አልወቅስህም፤ ብር የማጠብ እንጂ ብር የማወቅ ሥራ አልነበረኝም።

ባለ አንበሳው ከአባትህ የቀረ ነበር። አባትህ አንድ ቀን እንኳ ሳያወጣው በጥጥ ጠቅልሎ በቀርከሃ ቀፎ እንዳስቀመጠው ነው የሞተው። ጥቁር ነበር፣ እንደ ተቆላ ባቄላ፤ ወደ ጠርዙ ሲጠጋ ሰማያዊ ይሆናል። አንተ ደብተርህ ላይ "ሙሉ" ብለህ ጻፍህለት፤ ለሙሴ ያኒም በቃልህ አረጋገጥህለት። እሱ ደግሞ "እንዳልኸው ከሆነ በጎጃም ያለውን አሮጌ ሁሉ አንተ ታይልኛለህ" አለህ። ድንጋይህ ሥራ ከፈታች ወዲህ እንደዚያ ሳምንት ቀና ብለህ ስትሄድ አላየሁህም።

ሙሴ ያኒ ሊመጣ አራት ቀን ሲቀረው ብሩን ወደ እጅጉ ወሰድኸው። ለማያውቁት ልበል፤ እጅጉ ብር ሠሪው፣ የልጅነት ጓደኛህ፣ የሚካኤልን ማኅበር አብረኸው ትጠጣ የነበረ ሰው ነው። ሚዛኑ ስስ ስለሆነ በደንብ እንዲመዝንልህ ነበር። ግምጃ ቤት ተጠርተህ ስለሄድህ ብሩ ሁለት ቀን እሱ ዘንድ ከረመ። ስትመለስ ተቀበልኸው፤ ጓደኛህ ነውና ከፍተህ አላየህም፤ ቀፎውን በክር አስረህ ሣጥን ውስጥ አስገባኸው።

እንግዳው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው አንተ በግ ልትገዛ ወጣህ። እኔ ቤቱን ጠረግሁ፣ ዕቃውን ሁሉ አጠብሁ። የመጨረሻው ሳህን ሲያልቅ ብሩ ትዝ አለኝ። አውጥቼ ባየው አፈርሁ። ለእንግዳ፣ ያውም ከዳንግላ ድረስ ለሚመጣ፣ እንዲህ የጠቆረ ነገር በእጁ ይሰጠዋል? ባልየው ብር አዋቂ፣ ሚስቱ ግን ዕቃ የማታጥብ ሊለን ነው አልሁ። አመድ ነፋሁ። ሎሚ ቆረጥሁ። እንደሌላው ቶሎ አልለቀቀልኝም፤ ሦስት ሎሚ ጨረሰ። አንበሳው ከጥቁሩ ሥር ነጭ ሆኖ ብቅ ሲል እንዴት ደስ እንዳለኝ! ክሩንም ያንተን አቋጣጠር አስመስዬ መልሼ ያሰርሁት ለመደበቅ አልነበረም። በሰው ፊት ከፍተኸው እንድትገረም ነው።

ቀፎውን ከፍተህ ስትሰጠው ከጋረጃው ኋላ ቆሜ ነበር። ምስጋናዬን ልሰማ ነው የቆምሁት፤ እግዜር ያውቃል። ሙሴ ያኒ ብሩን ይዞ ወደ በሩ ሄደ፤ ለብርሃን ሰጠው፣ አዘነበለው። በዚያ በተሰባበረ አማርኛው "ይስማው፣ ይህቺ ብር ተገርፋለች። ማነው የገረፋት?" አለ። አንተ ተቀብለህ ወደ ብርሃኑ አዞርኸው፤ መልሰህ አዞርኸው፤ በጋቢህ ጫፍ ዓይንህን ጠረግህ። ብሩን ሳይሆን ዓይንህን። እሱም "አዲሷን ሽልንግ ቢያበላሹብኝ ነገ ሌላ አመጣለሁ፤ እቺን ከየት አመጣለሁ? አንተ ሙሉ ናት ብለኸኝ ነበር" አለ። አልጮኸም። በጉን ሳይቀምስ በቅሎውን አስመጣና ሄደ።

ከጋረጃው እስከ አንተ ሦስት እርምጃ ነበር። ልወጣ ነበር። አንተ ግን በአገውኛ አንድ ነገር ተናገርህ። ስትቆጣ በአገውኛ የምትናገረው እኔ የቡሬ ልጅ ስለሆንሁ አይገባትም ብለህ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላማ እንዴት አይገባኝም? ያን ያጠበ እጅ እንዲደርቅ ነው የረገምኸው። እጄን ከነጠላዬ ሥር ከተትሁ። ወዲያው ደግሞ "እጅጉ" አልህ። ሁለት ቀን እሱ ዘንድ ከርሟላ።

የዚያ ወር የሚካኤል ዕለት፣ ማኅበርተኛው በሙሉ በተቀመጠበት ተነሥተህ "ብሬን ላጥኸው! ከላዩ ላጥኸውና አጥበህ መለስህልኝ!" አልኸው። እጅጉ ጽዋውን እንደያዘ "ይስማው፣ በዚህች ጽዋ ይዤሃለሁ፣ ከሚዛን አንሥቼ በጥጡ መለስሁት፤ በባዶ እጄ እንኳ አልነካሁትም" አለ። ክብደቱን ደግሞ ነገረህ። አንተ አልሰማኸውም። ከማእዘኑ አንዱ "ጠይብ ምን ይሳነዋል?" ብሎ ጣል አደረገ፤ ጥቂቶች ሳቁ። እጅጉ ወደ ተናገረው አልዞረም። አንተን ነው ያየህ። አንድ ነገር እንድትል ጠበቀ፤ አንተ ዝም አልህ። ጽዋውን በዝግታ አስቀምጦ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ማኅበሩን አልረገጠም። እኔ ከሴቶቹ ጋር በጓዳው በር ቆሜ ነበር። የተቆረሰ ዳቦ ይዤ ነበር፤ እጄ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ያዝሁት።

ከዚያ በኋላ ለልጁ መስቀል የሚያሠራ ወደ ዳንግላ ሄደ። ሙሽራ ያለው ወደ ቡሬ ሄደ። እጅጉ የጀበና ክዳን ማሰርና የማንቆርቆሪያ እጀታ መበየድ ያዘ። በአጥራችን በኩል ማለፍ ትቶ በታችኛው መንገድ መዞር ጀመረ። ሙሴ ያኒም ላንተ አልላከም። አንተ ድንጋይህን ይዘህ መውጣቱን ተውህ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ "ምናልባት ዓይኔ ይሆን ይታይሽ? ምናልባት መጀመሪያም ሙሉ አልነበረ ይሆን?" አልኸኝ። ያን ቀን ልነግርህ ከንፈሬን አላቅቄ ነበር። "ኧረ ዓይንህስ ደኅና ነው" ብዬ ዘጋሁት።

ለምን ዝም አልሽ ትለኝ ይሆናል። ይመታኛል ብዬ አይደለም፤ መትተኸኝ አታውቅም። የመጀመሪያው ቀን ደነገጥሁ። በሁለተኛው ቀን ያንተ አፍ የሰው ስም ጠርቶ ነበር፤ ውሸታም ላደርግህ አልደፈርሁም። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ቀን ያለፈውን ይዞ እየመጣ ከበደ። ከሁሉ ሥር ግን ያለውን ልንገርህ፦ ያቺ አንዲት ምስጋና እንዳትወሰድብኝ ነው። የይታይሽ እጅ የነካው አይመለስም ያልኸው። ለሷ ስል የሰው ስም ሸጥሁ።

ስትታመም "እጅጉ አልጋዬን እንዳይሸከም" አልህ። እሺ አልሁህ። በቀብርህ ዕለት መጥቶ ነበር። ጋቢውን አዘቅዝቆ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከጽዱ ሥር፣ አፈሩ ተመልሶ እስኪያልቅ ቆመ። ካንዱም ሰው ሰላምታ ሳይጠብቅ ሄደ። እኔ አየሁት፤ እያለቀስሁ ነበርና ሰው ሁሉ ላንተ ነው ብሎ አሰበ።

እንዲህ ሆኜ ልኖር እችል ነበር፣ ማንበብ ባልማር። የደብተርህ መጨረሻ ገጽ ላይ ባለ አንበሳው አለ። "ሙሉ" የሚለውን ሰርዘህ ከጎኑ "ወደቀ። ታጠበ፣ በእጅጉ እጅ" ብለሃል። ወሬ ቢሆን ከሰዎቹ ጋር ያልቃል። ይህ ግን ስመኝም፣ የስመኝ ልጆችም የሚያነቡት ነው፤ ባንተ በሚያምረው ጽሕፈት።

ማክሰኞ ዕለት ብሩን በመሐረብ ቋጥሬ እጅጉ ቤት ሄድሁ። ወናፉ አጠገብ ተቀምጦ የማንቆርቆሪያ እጀታ ይበይድ ነበር። ጠጉሩ ነጭ ሆኗል። ቆሜ ነገርሁት፤ ተቀመጪ አላለኝም። ሲጨርስ መዶሻውን አስቀመጠና እጁን ዘረጋ። ብሩን እንዳንተው በጠርዙ ብቻ ያዘው።

"በስንት ሎሚ ነው?" አለኝ።

"በሦስት።"

"እጅ አለሽ። ብር ሠሪ መሆን ነበረብሽ፤ ስድቡም ላንቺ ይሆን ነበር።" አልሳቀም፣ እኔም አልሳቅሁም። ብሩን መለሰልኝ። "አሁን ይህን ለምን ለኔ ትነግሪኛለሽ፣ ይታይሽ? አለመንካቴን እኔ አውቀው ነበር። ያላወቀው ማኅበሩ ነው።" ብሎ መዶሻውን አነሣ። ይቅር ብዬሻለሁም፣ ሂጂልኝም አላለም። ትንሽ ቆሜ የመዶሻውን ድምፅ ሰማሁና ወጣሁ።

ትክክል ነው። በሰው ፊት የተባለ ነገር በጓሮ አይመለስም። አንተ ከሞትህ ወዲህ በማኅበሩ ያንተን ቦታ እኔ ይዣለሁ፤ የዚህ ወር ተረኛ ደግሞ እኔ ነኝ። ከነገ ወዲያ ሚካኤል ነው። ጠላው ደርሷል፤ ዳቦው ነገ ይጋገራል። ወደ እጅጉ ሰው ልኬያለሁ፤ እመጣለሁም አልመጣምም አላለም። ከበሩ በስተቀኝ፣ ድሮ ይቀመጥበት በነበረው በኩል፣ መደቡ ላይ አንጥፌለታለሁ፤ ማንም እንዳይቀመጥበት የራሴን ነጠላ አደርግበታለሁ። ጽዋው ከመዞሩ በፊት ተነሥቼ ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ። ስመኝ ከዳንግላ መጥታለች፤ ሰምታው አለቀሰችና "እኔ ላንብብልሽ እማ፣ ድምፅሽ አይሰማም" አለች። እንቢ አልኋት። ያጠብሁት በራሴ እጅ ነው። ካልተሰማ ጠጋ ይበሉ።

ከዚያ ብሩን እንደ ጽዋው በእጅ በእጅ አሳልፋለሁ። አሁን ከጠርዙ ጀምሮ መልሶ መጥቆር ጀምሯል። ግን ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት ከጥቁሩ ሥር የአመዱ ጭረት እየዞረ ይታያል፤ ሳህን የሚያጥብ ሰው እጅ እንደሚዞረው። ሴቶቹ ሲያዩት ወዲያው ያውቁታል። "ጠይብ ምን ይሳነዋል" ያለውም ሰውዬ ይመጣል፤ እሱም ይያዘው።

ደብተርህ ላይ አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ያንተን መስመር አልሰረዝሁም። ከሥሩ "በእጅጉ እጅ አይደለም። በይታይሽ እጅ" ብዬ ጻፍሁ። ፊደሌ ከመስመሩ ይወጣል፤ ካንተው ጎን ሲታይ የልጅ ይመስላል። ዓይንህም ደኅና ነበር፤ ይህንንም ጽፌዋለሁ። ብሩ ሙሉ ነበር፣ ልክ እንዳልኸው።

ትቆጣ ይሆናል። በአገውኛ ተቆጣ፤ ይገባኛል።

እኔም አንድ ነገር ልበልህና ይብቃኝ። አንተም ጥፋት አለብህ። ያ ስድብ ባንተ ጉዳይ ሲወረወር ዝም ብለሃል፤ እጅጉ ካንተ አንድ ቃል ጠብቆ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ስላንተ ሲጠይቀኝ ደግ፣ ፍጹም፣ ክፉ የማይወጣው እያልሁ ስነግር ኖሬያለሁ፤ ስናገር ደግሞ የሎሚው ሽታ ይመጣብኛል። ከእንግዲህ አላደርገውም። ድንጋዩ ላይ ጆሮህን አዘንብለህ ስታዳምጥ አስታውስሃለሁ። በጋቢህ ዓይንህን ስትጠርግ አስታውስሃለሁ። በማኅበሩ መሐል ቆመህ፣ ተሳስተህ፣ ፊትህ ጠቁሮ ያየሁህንም እንዲሁ አስታውሰዋለሁ፤ እስከምከተልህ ድረስ፣ ሁሉንም በቦታው።

አንተን አላጥብህም።

ሚስትህ ይታይሽ
ቆሰበር